ሦስት ሜትር ኪዩብ

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም ወር፣
መዝገቤን ይዤ እወጣለሁ ወደ ቫልዴኦርና መንደር።
መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ወይራውና ባሉጡ
ቀዩ አፈር ላይ ተራርቀው፣ እንደተኳረፈ ሰው የተቀመጡ።
ከኮረብታው ወዲያ ማዶ ስንዴው ታጭዶ አልቆ
የደመና ጥላ ቃርሚያው ላይ ይሄዳል ተንፏቆ።
የደወሉ ማማ አናት ላይ የሽመላ ጎጆ ቀርቷል
ባዶውን። ወፎቹ ወደ ደቡብ ሄደዋል።
እነሱስ ይመለሳሉ።

ሥራዬ ቀላል ነው፦ የብረት ክዳን መክፈት፣
ሸረሪት ማባረር፣ ቁጥር መጻፍ፣ መክደን፣ ማለፍ ወደ ሌላው ቤት።
ሠላሳ አራት በር አለ፤ ጭስ የሚወጣው ከሰባት።
የቀረው ቁልፍ ነው፣ ዝገት ነው፣
ደፍ ላይ የበቀለ ሳማ ነው።

የውሃ ቆጣሪ የማያውቀው ሐሜት የለም።
የማን የልጅ ልጆች ለነሐሴ በዓል እንደ መጡ፣
ማን ጓሮውን እንደተወ፣
ማን ሳህኑን እንደ ነገሩ አለቅልቆ እንደሚተኛ
እሱ ይነግረኛል።
አምና የሳቱሪዮ ከአሥራ ስምንት ወደ ዘጠኝ ወረደ፤
ሚስቱን መቅበሩን ያወቅሁት እዚያ ጉድጓድ ላይ ተንበርክኬ ነው።
እጄን በሱሪዬ ጠርጌ በሩን አንኳኳሁ።
«ገና አሁን ሰማህ?» አለኝ።
«ገና አሁን አነበብኩ» አልኩት።

እና ቤት ቁጥር ሃያ ሁለት። የሌስሜስ።
ሰውየው ቢልባኦ ፋብሪካ ከገባ ወዲህ መስኮቱ ያልተከፈተበት፣
ስምንት ዓመት ሙሉ «አራት መቶ አሥራ ሁለት» ብዬ የጻፍኩበት፣
ዘንድሮ ክዳኑን ባነሳው፦ አራት መቶ አሥራ አምስት።

በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። መነጽሬን አወለቅሁ፣ አጠለቅሁ።
ቧንቧ ፈነዳ? ሌባ ገባ? መንፈስ ነው?
(መንፈስ ውሃ አይጠጣም፤ ቢጠጣም በቆጣሪ አይደለም።)

በግንቡ ጀርባ ዞርኩ። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል።
ኦብዱልያ፣ ሰማንያ ሰባት ዓመቷ፣
የባሏን የጎማ ቦቲ ተጫምታ፣
ከወይኑ ሐረግ ሥር ባልዲዋን አዘንብላ።

«ያዝከኝ» አለች። ባልዲውን ግን አላቀናችውም፤
እስኪያልቅ አፈሰሰችው።
«ቁልፉን እኔ ጋ ትቶ ሄደ። ‹እስከ ፋሲካ› አለኝ፤
የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልነገረኝም።
ወይኗን የተከለቻት እናቱ ናት፤ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ።
እስከ ዛሬ ከራሴ ቤት ነበር ውሃ የማመላልስላት፣
ዳገቱን በእግሬ።
ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ አለኝና
የሱን ቧንቧ ከፈትኩ።
ክፍያ ካለው ከኔ ላይ ጻፈው፤ ከሱ ላይ እንዳትጽፍ።»

«ይመለሳል ብለሽ ነው?» አልኳት።

መቀሷን ከመጎናጸፊያዋ ኪስ አወጣች።
«እኔ የማጠጣው ወይኑን ነው» አለች፣
አንድ ዘለላ ቆርጣ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤
ከዚያም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወገቧ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ስለሚመጣው ዳቦ ሻጭ
(«መለከቱን ይነፋል እንጂ አይቆምም») አወራችኝ።

መኪናዬ ውስጥ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ።
መዝገቡ ጉልበቴ ላይ ነው። ወይኑ ቆዳው ወፍራም፣
ፍሬው ብዙ፣ መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ኋላ ነው የሚጣፍጥ።
አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አንድ ቁጥር ዋሽቼ አላውቅም።
«አሥራ ሁለት» ብዬ ልተወው? ማን ያይብኛል?
ወይስ እንዳለችኝ ከሷ ላይ ልደምረው?

እስክሪብቶው ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ጻፍኩ፦
ሌስሜስ፣ ቁጥር ሃያ ሁለት፣ አራት መቶ አሥራ አምስት።
«ሰው ይኖርበታል?» ከሚለው መጠይቅ ፊት፣
ስምንት ዓመት ሰረዝ ባሰመርኩበት፣
«አዎ» አልኩ።

ሂሳቡ በወሩ መጨረሻ ቢልባኦ ይደርሳል፤
ጥቂት ሳንቲም ነው፣ ለቡና እንኳ የማይበቃ።
ይክፈል። ፖስታውንም ይክፈተው፣ ቁጥሩንም ያንብብ፤
የማንበብ ተራው የሱ ነው።

ፍሬውን በመስኮት እየተፋሁ
ጠመዝማዛውን ወረድኩ።